በብራናው ጠርዝ ላይ ሦስት ምስክሮች

ደምለው ከበቅሎዋ ወርዶ፣ ልጓሟን በግራ እጁ ጠቅልሎ፣ ቁልቁለቱን በእግሩ ሲያያዘው ፀሐይ ገና የማዶውን ሸንተረር አላለፈችም ነበር። የኅዳር ጤዛ እስከ ጉልበቱ አርሶታል። ጠመንጃውንና ዝናሩን በሰፈር ትቶ፣ እንደ ማንኛውም ባላገር ኩታ ደርቦና ዱላ ይዞ መውጣቱ ራቁቱን የወጣ ያህል ከብዶታል። በፊታውራሪ ሙላት ጦር ውስጥ ሁለት ዓመት ሲዋጋ የተላከበት መልእክት ሁሉ መልእክት የሚመስል ነበር፤ ጥይት አምጣ፣ ድልድዩን ሰልል፣ በምሽጉ ውስጥ ያለውን መትረየስ ቁጠር። የዛሬው ግን ለጓደኞቹ እንኳ ለመናገር ያፈረበት ነው።

«ለሥር!» አላት በቅሎዋን። «ለአንዲት የብሳና ሥር!»

በቅሎዋ ጆሮዋን ነቀነቀች፤ እርሱም መልስ እንደ ተሰጠው ሰው መንገዱን ቀጠለ።

ነገሩ የተነሣው በዋዜማው፣ እሑድ ከቀትር በኋላ ነው። ጦሩ የጣሊያን አውሮፕላን ሲበዛበት በመስከረም ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ ሰንብቶ ነበርና፣ ወደ ደጋው ሲመለስ ግማሹ ሰው ንዳድ ይዞ ወጣ። የፊታውራሪ ባለቤት ወይዘሮ ሥራነሽም የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ሳሉ ያዛቸው። ንዳዱ ቀን እየዘለለ ይነሣል፤ በተነሣ ጊዜ የጠፍር አልጋው እስኪንቋቋ ያንቀጠቅጣቸዋል፣ ከዚያም እንደ ምድጃ ያነዳቸዋል። የጦሩ ጸሎተኛና ጸሐፊ መሪጌታ እንዳላማው የመድኃኒት መጽሐፋቸውን ከቆዳ ማኅደሩ አውጥተው በበሽተኛዋ ራስጌ ገለጡ።

«‹ለንዳድ፣ የብሳና ሥር› ይላል» አሉ፤ ጣታቸውም መስመሩን ተከተለ። «ልጡ ተወቅጦ፣ በማር ተለውሶ ይጠጣል። ‹ለነፍሰ ጡርም አይጎዳ›። እነሆ፣ ከዚህ የበለጠ ምን ይነገራል?»

በአልጋው እግርጌ እማሆይ ወለተ ኪዳን ተቀምጠው ነበር። ከጠላት በፊት በገዳም፣ ከዚያ ወዲህ በጦሩ መካከል መድኃኒት ሲቀምሙ የኖሩ፣ ጣቶቻቸው ሥር በመቆፈር የጠቆሩ አሮጊት መነኩሲት ናቸው።

«ብሳናን አውቀዋለሁ» አሉ። «ለወንድ ሰጥቻለሁ፤ ሆዱን እንደ ጎርፍ ጠርጎ ይለቀዋል። እርጉዝ ሴት ስትጠጣው ግን አላየሁም።»

«መጽሐፉ እኮ አይጎዳም ይላል፣ እማሆይ።»

«ማን ጠጥታ?»

«መጽሐፉ ነዋ የሚለው!»

«መጽሐፉ አርግዞ ያውቃል?»

ወይዘሮ ሥራነሽ በትኩሳቱ መካከል ሳቁ። ፊታውራሪ ግን አልሳቁም።

መሪጌታ ፊታቸው ቀልቶ ብራናውን ወደ ብርሃኑ አዞሩት። በጠርዙ ላይ፣ ከጥቁሩ ጽሕፈት ውጭ፣ በቀይ ቀለም አንዲት ቃል ሦስት ጊዜ ተጽፋለች፤ «ፍቱን»። የተፈተነ ማለት ነው። የቀድሞ ሊቃውንት አንዱን መድኃኒት በእጃቸው ሰጥተው፣ በሽተኛው ሲድን በዓይናቸው ካዩ፣ ለኋላው ሰው ምስክር ትሁን ብለው በመጽሐፉ ጠርዝ የሚያኖሯት ቃል ናት።

«ሦስት ጊዜ!» አሉ መሪጌታ። «ሦስት እጅ፣ ሦስት ሊቅ። በሰው ነፍስ ለመፍረድ እንኳ ሦስት ምስክር ይበቃል።»

«ስማቸው ማን ይባላል?»

«ስማቸው ምን ያደርግልዎታል?»

«ልጠይቃቸዋ! ሴቲቱ ማን ነበረች? ስንት ወሯ ነበር? ከጠጣች በኋላ ማን አያት? ልጁስ ተወለደ?»

«በቃ!» አሉ ፊታውራሪ ሙላት። ድምፃቸው ውጭ ያሉትን ፈረሶች አስበረገገ። «እናንተ ስለ ቀለም ትጨቃጨቃላችሁ፤ ሚስቴ ትነድዳለች! አንተ ደምለው!»

ደምለው ከበራፉ ገብቶ እጅ ነሣ። ከጠላት በፊት በደብረ ማርቆስ አደባባይ ነገረ ፈጅ ነበር፤ ስለ ሰው ርስትና ስለ ሰው ከብት ሲሟገት፣ ምስክር ሲያቆምና ምስክር ሲያፈርስ የኖረ ሰው ነው።

«ምስክር መመርመር ሥራህ አልነበረም? እንግዲህ እነዚህን ሦስቱን ፈልገህ አምጣልኝ። ሐሙስ ንዳዱ ይነሣባታል። ረቡዕ ፀሐይ ሳትጠልቅ ከደረስህ ደረስህ። ካልደረስህ መሪጌታ ያጠጧታል፤ እማሆይም አፋቸውን ይይዛሉ።»

«ጌታዬ፣ ለዚህ ነገር አገር ለአገር…»

«ሂድ አልሁ!»

እማሆይ እስከ በቅሎዋ ድረስ ተከተሉት። «ሦስት ነገር ብቻ ጠይቅ» አሉት። «ማን ጠጣች? ማን አየ? ከዚያስ ምን ሆነች? ‹ይባላል› ያለህን ሰው፣ ማን ነገረህ ብለህ ወደ ነጋሪው እለፍ። በ‹ይባላል› ላይ እንዳታድር።»

«እማሆይ፣ አገሩ እኮ ባንዳ ሞልቶበታል።»

«አውቃለሁ። በሆዷ ያለው ልጅ ግን ባንዳ መኖሩን አያውቅም።»

ደምለው በሁለቱም ተናደደ። በመጽሐፍ ላይ የተጻፈውን አላምንም በሚሉት መነኩሲትም፣ ስም የሌለው ምስክር በሚያቀርቡት መሪጌታም። ሦስት ጊዜ የተጻፈ ነገር ውሸት ይሆናል ብሎ ግን በልቡ አላሰበም።

ሰኞ ረፋዱ ላይ ደብረ ኤልያስ ገባ። መሪጌታ መጽሐፋቸውን የገለበጡት ከቄስ ፈንታ መጽሐፍ እንደ ሆነ ነግረውት ነበርና በቀጥታ ወደ ቄሱ ቤት ሄደ። ቄስ ፈንታ በጓሯቸው የፍየል ቆዳ በእንጨት ላይ ወጥረው፣ ከወገባቸው ጎንበስ ብለው ሲፍቁ አገኛቸው። የቆዳው ፍቅፋቂ እንደ ገለባ በጢማቸው ላይ ተበትኗል።

«የብሳናው? እንዴታ!» አሉ ስለ ምን እንደ መጣ ሲነግራቸው። «እኔ ዘንድ አለ። ፍቱን ነው።»

«እርስዎ ሰጥተው አይተዋል፣ አባ?»

«እኔ?» ቄሱ መፋቂያውን አሳረፉ። «እኔ ጸሐፊ ነኝ እንጂ መድኃኒት አልሰጥም። ከደምበጫው ከአለቃ ዓባይ መጽሐፍ ነው የገለበጥሁት። በእርሳቸው መጽሐፍ ፍቱን የምትለው ቃል አንድ ጊዜ ተጽፋለች።»

«አንድ ጊዜ ብቻ? በእርስዎ መጽሐፍስ?»

«ሁለት ጊዜ። አንዷን ገለበጥኋት፤ ሁለተኛዋን እኔ ጨመርሁ።»

«ሳያዩ?»

«አለቃ ዓባይ ታላቅ ሰው ናቸዋ! እርሳቸው ፍቱን ካሉ እኔም እመሰክራለሁ ብዬ ጻፍሁ። የአክብሮት ነው።»

ደምለው ዱላውን መሬት ላይ ተከለ። «አባ፣ በዳኛ ፊት ቆመን፣ ‹ላሟን ማን ሲነዳት አየህ?› ብዬ ብጠይቅዎ፣ እርስዎም ‹እኔስ አላየሁም፤ ነገር ግን አየሁ ያለው ሰው ጨዋ ነው› ቢሉኝ፣ ዳኛው ምን ይልዎታል?»

«ይህ ላም አይደለም፣ አያ ደምለው። ይህ መጽሐፍ ነው።»

«ላሟ ትሻለን ነበር! ላም ብትጠፋ በሌላ ላም ትተካለች።»

ቄሱ ተቀየሙ። መፋቂያቸውን አንሥተው ቆዳውን ካስፈላጊው በላይ በኃይል ፋቁት። «መጽሐፍን እንደ ከብት ሌባ አቁሞ መመርመር ደግ አይደለም» አሉ። ጥቂት ቆይተው ግን፣ እውነተኛ ሰው ናቸውና፣ ሳይጠየቁ ጨመሩ። «ሦስተኛዋ የእንዳላማው ናት። እዚሁ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሲገለብጥ የብሳናው ዘንድ ሲደርስ፣ ‹ይህንስ እኔም አውቀዋለሁ!› ብሎ ደስ አለው። በራሱ እጅ ጨመራት።»

ደምለው ከዚያ ቤት ሲወጣ ከሦስቱ ምስክሮች ሁለቱ ተናግተዋል። አንዱ ያላየውን ለአክብሮት የመሰከረ ነው፤ ሌላው ‹አውቀዋለሁ› ብሎ የጨመረ ነው፤ እንዴት እንዳወቀው ግን ገና አልተጠየቀም። የቀረው ደምበጫ ያለው ነው። ወደ ሰፈር ተመልሶ «ምስክሩ ይህን ይመስላል» ማለት ይችል ነበር። ነገር ግን በአደባባይ ያሳለፋቸው ዓመታት አልለቀቁትም፤ አንድ ምስክር እስከ ቀረ ድረስ ነገሩ አልተዘጋም። እየረገመ ኮርቻው ላይ ወጣ።

በማግስቱ ማክሰኞ ደምበጫ ገበያ ነበር። ደምለው ከእህል ጫኞች ጋር ተቀላቅሎ፣ አህያ እየነዳ እንደ መጣ ሰው ራሱን ዝቅ አድርጎ ገባ። ከገበያው በላይ በምሽጉ ሰገነት ላይ የጣሊያን ባንዲራ ይውለበለባል፤ ከሥሩ አስካሪ የሚባሉት የጣሊያን ቅጥር ወታደሮች ጥላ ይዘው ተቀምጠዋል። የአለቃ ዓባይ ቤት ከገበያው በስተላይ፣ በባሕር ዛፍ የተከበበ ነው።

አለቃ በመደቡ ላይ አጎዛ አንጥፈው ተቀምጠዋል። ሁለቱንም ዓይኖቻቸውን ነጭ ሸፍኗቸዋል። ባለቤታቸው ወይዘሮ ደብሪቱ በምሰሶው ሥር ጥጥ ይፈትላሉ። ደምለው እንደ ተማሪ ጉልበት ስሞ ተቀመጠና ጉዳዩን ገለጠ።

«አዎ» አሉ አለቃ፤ ድምፃቸው የጠራ ነው። «ፍቱን ብዬ የጻፍሁት እኔ ነኝ። ያን ጊዜ ዓይኔ ያይ ነበር።»

«ማን ጠጥታ ነው፣ የኔታ?»

«አንድ የቆሎ ተማሪ ነገረኝ። ዝናብ መትቶት ከበራፌ ቆሞ ነበር፤ አስገባሁት። መድኃኒት አውቃለሁ አለኝ፤ እርሱ እየነገረኝ እኔ ጻፍሁ። የብሳናውን ሲነግረኝ፣ ‹ለነፍሰ ጡርስ?› ብዬ ጠየቅሁት። ‹አይጎዳም፤ ፍቱን ነው› አለኝ። ንግግሩ የታረመ፣ ልባም ልጅ ነበር።»

«ስሙን ያስታውሱታል?»

«እንዴት እረሳዋለሁ? እንዳላማው ይባላል፤ የጎዛምን ልጅ። ኋላ መሪጌታ ሆነ ሲሉ ሰምቼ ደስ ብሎኛል።»

ደምለው ብድግ አለ። እጁን በራሱ ላይ ጫነ፤ ከአፉ የወጣው ድምፅ ሳቅም ለቅሶም አልነበረም።

«የኔታ፣ በሕግ አምላክ! ሦስት ሊቅ መስክሮልኛል ብሎ የሚሟገተው እኮ እርሱ ነው! እርሱ ለእርስዎ ነገረ፤ እርስዎ ጻፉ፤ ከእርስዎ ቄስ ፈንታ ገለበጡ፤ ከቄስ ፈንታ ደግሞ እርሱ ራሱ መልሶ ገለበጠና፣ ‹ይህንስ አውቀዋለሁ› ብሎ መሰከረ። እኔ በባንዳ መካከል ሁለት ቀን የተጓዝሁት የአንድን ሰው አፍ ዙሪያውን ለመዞር ነው!»

አለቃ አጎዛውን በመዳፋቸው ዳበሱ። «እንግዲህ» አሉ በመጨረሻ፣ «ማንም አላየም ማለት ነው።»

«ማንም!»

የወይዘሮ ደብሪቱ እንዝርት መሬት ነክቶ ቆመ።

«እኔ አይቻለሁ» አሉ።

ሁለቱም ወደ እርሳቸው ዞሩ፤ ዓይነ ስውሩ ባለቤታቸውም ጭምር።

«ምን አየሽ፣ ደብሪቱ?»

«የእኅቴን ልጅ የብርጓልን።» ወይዘሮ ደብሪቱ ጥጡን በጭናቸው ላይ አስቀምጠው እጃቸውን አጣጠፉ። «እርስዎ ደብረ ማርቆስ ርስት ሲሟገቱ በከረሙበት ዓመት ነው። ንዳድ ይዟት ወደ እኔ መጣች፤ ስድስት ወሯ ነበር። ያን ያጻፉትን መድኃኒት ለሰው ሲያነቡ እሰማ ስለ ነበር፣ እኔው ቆፍሬ፣ እኔው ወቅጬ አጠጣኋት። ሲነጋ ሆዷ ይቆርጣት ጀመር። በማግስቱ ልጁ ወረደ። በሦስተኛው ቀን እርሷም ሄደች።»

«በንዳድ ሞተች አላልሽኝም?»

«ምን ልበል ታዲያ? መጽሐፍዎ አይጎዳም ይላል። መጽሐፉ ካልጎዳት የጎዳት እጄ ነው አልሁ። ልኩን ያበዛሁ መሰለኝ። ልጡን አጥርቼ ያልላጥሁ መሰለኝ። አሥራ አንድ ዓመት እኔ ነኝ የገደልኋት እያልሁ ኖርሁ፤ ለንስሐ አባቴም እንዲሁ ብዬ ተናዘዝሁ። ዛሬ ይህ ሰው መጥቶ፣ ማንም ያየ የለም፣ አንድ ልጅ ነው የተናገረው ይለኛል!»

አለቃ ዓባይ እጃቸውን ወደ ድምፁ ዘረጉ፤ አላገኟቸውም፤ እጃቸው በአየር ላይ ቀረ። ወይዘሮ ደብሪቱ አይተውት ነበር፤ ግን ወዲያው አልያዙትም።

ደምለው ተንበረከከ። ቁጣው በድንገት ጥሎት ሄዶ ነበር። «እናቴ፣ ይምጡና ይህንኑ በፊታውራሪ ፊት ይናገሩ።»

«አንተ ሰምተኸኝ የለም? ንገራቸው።»

«እኔ ብናገር የሰሚ ሰሚ ነኝ። መሪጌታ በአንዲት ቃል ይጥሉኛል፤ እውነታቸውንም ነው። ነገ ማታ አንዲት የሰባት ወር ሴት ልትጠጣው ነው። ያየ ሰው ከእርስዎ በቀር የለም።»

ወይዘሮ ደብሪቱ ባላቸውን ተመለከቱ። አለቃ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሂጂ» አሉ። «የእኔ ቃል ቀድሞሽ ሄዷልና የአንቺም ይድረስበት።» ያን ጊዜ ወይዘሮ ደብሪቱ የተዘረጋውን እጅ ይዘው ሳሙትና ነጠላቸውን አጣፉ።

እርሳቸው በበቅሎ፣ ደምለው በእግሩ፣ ከገበያተኛው ጋር ወጡ። ከከተማው ውጭ ባለው ወንዝ መሻገሪያ ላይ ሦስት ባንዶች ይፈትሹ ነበር። አለቃቸው ባርኔጣውን ወደ ኋላ ገፍቶ የሽንኮራ አገዳ ይመጥጣል።

«ወዴት ነው ጉዞው፣ እትዬ?»

«የዘመድ ልጅ ልጠይቅ ነው። ነፍሰ ጡር ናት፤ ታማለች።»

«ምን አማት?»

«ንዳድ።»

«ታዲያ የብሳና ሥር አያጠጧትም?» አለ ባንዳው ያኘከውን አገዳ እየተፋ። «ለነፍሰ ጡር ምንም አይል። ፍቱን ነው ይባላል።»

«ማን ነው የሚለው?» አለ ደምለው።

ድምፁ እንደዚያ እንዲወጣ አላሰበም። ባንዳው አገዳውን ጥሎ ጠመንጃውን ጨበጠ። ወይዘሮ ደብሪቱ ከኮርቻው ላይ ሆነው የደምለውን ትከሻ በዱላ መቱት።

«ተወው ልጄ፣ ይህ ሎሌዬ ተፈጥሮው ነዝናዛ ነው!» አሉ። «ሰላም ያደረውን ሰው ሁሉ ይጨቀጭቃል።»

«ሁሉም ነው የሚለው!» አለ ባንዳው፣ ገና ተቀይሞ። «አገሩ ሁሉ! ምን ዓይነቱ ደንቆሮ ነው?» አሳለፋቸው።

ረቡዕ ወደ ሰፈሩ ሲቃረቡ ፀሐይ ከሸንተረሩ በአንድ ክንድ ከፍታ ላይ ነበረች። በቅሎዋ አነከሰች፤ ወይዘሮ ደብሪቱ ወርደው የመጨረሻውን ዳገት በደምለው ክንድ ላይ ተደግፈው ወጡት። በበሽተኛዋ ጎጆ በራፍ ላይ መሪጌታ እንዳላማው የቀንድ ዋንጫ ይዘው ቆመዋል። ማር የተለወሰበት ጥቁር ነገር በውስጡ አለ። እማሆይ ወለተ ኪዳን በደፉ ላይ ተቀምጠው መግቢያውን ዘግተዋል፤ ሁለት ወታደሮች ሊያነሷቸው አፍረው ይተያያሉ።

«ምስክር አመጣህ?» አሉ ፊታውራሪ።

«አንድ የዓይን ምስክር አመጣሁ፣ ጌታዬ። ሦስቱ ግን የሉም። ሦስቱ አንድ ሰው ናቸው።»

ወይዘሮ ደብሪቱ በፊታውራሪ ፊት ቆመው ማሉ፤ በደምበጫ የተናገሩትን ቃል በቃል ተናገሩ። ሲጨርሱ ቀድመው የተናገሩት እማሆይ ናቸው፤ ደምለውም የሚናገሩትን ሲሰማ ጆሮውን ተጠራጠረ።

«ከመጠጣቷ በፊት ንዳዱ ስንት ጊዜ ተነሥቶባት ነበር?»

«አራት፤ አምስትም ይሆናል።»

«እህል ትበላ ነበር?»

«ካቆመች ሰንብታ ነበር።»

«ሥሩን ያመጡት ከራሱ ከብሳናው ነው? ሌላ ሥር አልተቀላቀለበትም?»

«ከጓሮዬ ነው። ዛሬም ቆሟል።»

«ስንት አደረጉት?»

ወይዘሮ ደብሪቱ በመዳፋቸው አሳዩ። እማሆይ መዳፉን ይዘው አዩት።

ደምለው ትዕግሥቱ አለቀ። «እማሆይ! ለእርስዎ የሚናገሩልዎትን ምስክር ነው እኮ የሚያፋጥጡት!»

«ለእኔ የሚናገር ምስክር አልፈለግሁም» አሉ እማሆይ ሳይዞሩ። «ያየ ሰው ነው የፈለግሁት።»

መሪጌታ ዕድል ያገኙ መሰላቸው። «እንግዲህ ስሙ! አምስት ጊዜ ንዳድ የተነሣባት፣ እህል ያልቀመሰች ሴት በንዳዱም ልትሞት ትችላለች!»

«ትችላለች» አሉ እማሆይ።

«ታዲያ?»

«ታዲያ ብሳናው ገደላት ብዬ አልምልም። አይጎዳም ብሎ የሚምል ግን አንድ ሰው አጣሁ። እርስዎ ይምላሉ፣ መሪጌታ?»

መሪጌታ አፋቸውን ከፈቱ። ደምለው በቀድሞው በአደባባዩ ድምፅ፣ ቀስ ብሎ ጠየቃቸው። «መሪጌታ፣ በአለቃ ዓባይ ቤት የተናገሩትን ከማን ሰሙት?»

መሪጌታ ዋንጫውን ወደ ደረታቸው አስጠጉት። ሰው ሁሉ ይመለከታቸዋል። ለመቆጣት ሞከሩ፤ ቁጣው አልመጣላቸውም።

«ስለ ንዳዱ ከመምህሬ ሰማሁ» አሉ። «ስለ ነፍሰ ጡሯ… አለቃ ጠየቁኝ። ቀኑን ሙሉ አልበላሁም ነበር፤ ራቱ ቀርቧል፤ በፊታቸው ሊቅ መስዬ ተቀምጫለሁ። አላውቅም ማለት አፈርሁ።» ወደ ዋንጫው ተመለከቱ። «ኋላ በቄስ ፈንታ መጽሐፍ ላይ ባገኘው ጊዜ የራሴ ቃል መሆኑ አልታወቀኝም። በብራና ላይ፣ በሌላ ሰው እጅ ተጽፎ ሳየው እውነት መሰለኝ።»

ፊታውራሪ ሙላት ተራምደው ዋንጫውን ከእጃቸው ወሰዱና በሣሩ ላይ ደፉት። ይገርፏቸዋል ብሎ የጠበቀ ነበር፤ ነገር ግን ፊታውራሪ ከቁጣ ይልቅ ደክመው ነበር።

«እንግዲህ እርስዎ ምን ይሰጧታል?» አሉ ወደ እማሆይ ዞረው።

«ውኃ። ጥላ። አጥሚት ከጠጣች አጥሚት። ከአጠገቧ አልነሣም።»

«ይኸው ነው?»

«ከዚህ የበለጠ የማውቀው የለኝም።»

«ብትሞትብኝስ?»

«እማሆይ ወለተ ኪዳን ናት የገደለቻት ይበሉ። እኔ እዚሁ እገኛለሁ፤ ይጠይቁኛል።»

ወደ ውስጥ ሲገቡ እማሆይ በወይዘሮ ደብሪቱ ፊት ቆም አሉ። «በመዳፍዎ ያሳዩኝ ልክ እኔ የምሰጠው ልክ ነው» አሉ። «ልጡንም እንደሚገባው ላጡት። እጅዎ አላጠፋም።» ወይዘሮ ደብሪቱ ነጠላቸውን በፊታቸው ላይ ሳቡ፤ ትከሻቸው ብቻ ይታይ ነበር።

ንዳዱ ሐሙስ ተነሣ። ከዚያም በኋላ አራት ጊዜ ተነሣ፤ በሁለተኛው ላይ ካህን ተጠርቶ ነበር። በታኅሣሥ መጀመሪያ ቀኑን ሳተ፤ ከዚያም ቀረ። ወይዘሮ ሥራነሽ በጥር ወር፣ ጦሩ ወደ ሌላ ጫካ ተዛውሮ ሳለ፣ ሴት ልጅ ወለዱ። ልጅቱ ትንሽ ነበረች፤ ድምፅዋ ግን ጠባቂዎቹን ያሰጋ ነበር።

ልጅቱ ሁለት ሳምንት በሆናት ጊዜ ከወንዝ ማዶ ካለው ጦር አንድ ጎልማሳ መጣ። ሦስት ቀን ተጉዟል፤ እግሩ ቆስሏል። ደምለውን በራፍ ላይ አግኝቶ እጅ ነሣ።

«ሚስቴ ስምንት ወሯ ነው፣ ንዳድ ይዟታል» አለ። «የብሳናውን ሥር እንዲሰጡኝ መጣሁ። ወይዘሮ ሥራነሽ ጠጥተው የዳኑበትን።»

ደምለው ዓይኑን ጨፈነ።

«ማን ነገረህ?»

«ኧረ ጌታው፣ አገሩ ሁሉ ነው የሚለው!»

ደምለው የሰውየውን ክንድ ይዞ፣ ወይዘሮ ሥራነሽ ልጅ ታቅፈው ወደ ተቀመጡበት ወሰደው። «እኚህ ናቸው» አለ። «ጠይቃቸው።»

ጎልማሳው ተደናግጦ ጎንበስ አለ። «እሜቴ፣ የብሳና ሥር ጠጥተው ዳኑ ይላሉ።»

«አልጠጣሁም።»

«ታዲያ በምን ዳኑ?»

ወይዘሮ ሥራነሽ ልጅቱን ከአንዱ ክንድ ወደ ሌላው አዛወሩ። ጥያቄውን ንቀው አላለፉትም፤ አሰቡበት።

«አላውቅም» አሉ።

ሰውየው ሦስት ቀን የተጓዘበትን ነገር የቀሙት ያህል ቆመ። እማሆይ ውኃና ጥላ፣ አጥሚትም እያሉ ሲነግሩት ራሱን እየነቀነቀ ሰማ፤ ልቡ ግን እዚያ አልነበረም። ደምለው እስከ መንገዱ መታጠፊያ ሸኘው። እንደ መልእክተኛ እንዲያጠና አስቦ ቃሉን አስደገመው።

«ለሚስትህ ምን ትላታለህ?»

«ወይዘሮ ሥራነሽ አልጠጡም፤ በምን እንደ ዳኑም አያውቁም።»

«ድገመው።»

«ወይዘሮ ሥራነሽ አልጠጡም። በምን እንደ ዳኑም አያውቁም።»

«አንድ ጊዜ ጨምር።»

ጎልማሳው ወደ ማዶ፣ ወደ አገሩ ተመለከተ። «ወይዘሮ ሥራነሽ» አለ፣ «ብዙም አልጠጡም…»

ደምለው ረጅም ጊዜ ተመለከተው። ሰውየው የተናገረውን ያወቀ አይመስልም ነበር፤ ዓይኑ ውስጥ ያለው ሚስቱ ብቻ ናት። ደምለው ሰውየውን አስከትሎ ወደ ሰፈሩ ተመለሰ፤ ኮርቻውን ከዛፉ ላይ አውርዶ በበቅሎዋ ጀርባ ላይ ጣለ፤ ጠፍሩንም እስክትቃትት ድረስ ሳበው።

«ቃሉ በአንተ አፍ ከሄደ ምን ሆኖ ይደርሳል?» አለ ለሰውየው፣ እየተማረረ። «ዋንጫው ሲደፋ ያየሁት እኔ ነኝ፤ እኔው እነግራታለሁ። ና ምራ።»